መሰላል የሌለው መጽሐፍ

እኔ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ የልጆች መጽሐፍ የሚያሳትም አንድ ትንሽ ድርጅት አለ፤ እዚያ ተቀምጬ ወረቀት በመርፌና በክር እየሰፋሁ መጽሐፍ አደርጋለሁ። ሥራውን ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ። ስንት መጽሐፍ በእጄ እንዳለፈ እንጃ። አንዱንም ግን አላነበብኩትም፤ ፊደል አላውቅማ! አሁን ይኼን ስናገር እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ድርጅቱ ውስጥ የሚያውቅብኝ ሰው አልነበረም።

ታዲያ ይኼን ማን ጻፈው ትሉኝ ይሆናል። እኔ አወራለሁ፣ ሌላ ሴት ትጽፋለች። ማን እንደሆነች ኋላ እነግራችኋለሁ። ጻፊ አንቺ፣ አትሳቂ።

ያደግኩት አንኮበር፣ ጎረቤላ አጠገብ ነው። ትምህርት ቤቱ ታች ነበር፣ ቤታችን ላይ። ዳገቱ አስንፎኝ ቀረሁ እያልኩ ለልጆቼ አወራላቸው ነበር፤ ውሸቴን ነው፣ የላከኝ ሰው ስላልነበረ ነው የቀረሁት። ካረጀሁ በኋላ ልጄ ጋ ደብረ ብርሃን መጣሁ። ቤት ተቀምጬ ባሏን ሳበሽቅ እንዳልውል ነው መሰለኝ ይኼን ሥራ ያገኘችልኝ።

ሳላነብ እንዴት እንደምጠርዝ ልንገራችሁ። ትልቁ ወረቀት ታትሞ ይመጣና ይታጠፋል፤ እሱን እጥፍ እንለዋለን። አራት አምስት እጥፍ ተደራርቦ ሲሰፋ መጽሐፍ ይሆናል። ታዲያ የቱ ነው የሚቀድመው? የሚያነብ ሰው ጽሑፉን ተከትሎ ያውቀዋል። እኔ ጀርባውን ነው የማየው። በእያንዳንዱ እጥፍ ጀርባ ላይ አንዲት ጥቁር ጭረት ትታተማለች፤ አንደኛው ላይ ከፍ ብላ፣ ሁለተኛው ላይ ዝቅ ብላ፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ የባሰ ዝቅ ብላ። በትክክል ከተደረደሩ ጭረቶቹ ቁልቁል እንደ መሰላል ይወርዳሉ። አንዱ ከተዛነፈ መሰላሉ ይሰበራል። ያሳየኝ ከኔ በፊት ይጠርዝ የነበረ ሽማግሌ ነው፣ ነፍሱን ይማረው። እሱም የሚያነብ አይመስለኝም፤ ተጠያይቀን አናውቅም።

የማነብ እንድመስል ደግሞ መነጽር አለኝ። ገበያ መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት መርጬ ነው የገዛሁት፣ ፍሬሙ አምሮኝ። ዓይኔ እንኳን የመርፌ ቀዳዳ ቁንጫም ያያል፤ መነጽሩን ሳደርገው ግን ዓለሙ ሁሉ ጉም የወረደበት አንኮበር ይሆናል። አለቃችን ወረቀት ይዛ ስትመጣ አፍንጫዬ ላይ ሰካ አደርገውና "እህ... እህ... ጥሩ ነው" እላለሁ። አለቃችን የልጄ እኩያ ናት፤ እማማ እያለች ነው የምትጠራኝ። ወንበሬ መስኮቱ ሥር ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ቀድማ እኔን ነው የምትሞቀኝ። ያ ብርድ ባለበት አገር ይኼ ማለት ሹመት ነው። ቀልድ የሚጀምረውም ከዚያ ወንበር ነበር። እኔ ስናገር ወረቀት አጣፊዎቹ ሁሉ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር።

ከዚያ እሷ መጣች።

ከወለጋ ተፈናቅላ ከልጆቿ ጋር ካምፕ ውስጥ የምትኖር ሴት ናት። ከኔ በብዙ ዓመት ታንሳለች፤ ፀጉሯ ግን ከኔ ቀድሞ ሸብቷል። ቁመቷ መለሎ፣ መልኳ ጥቁር፣ ጥርሷ ደግሞ ሞልቶ የተደረደረ። አለቃችን ይዛት ገባችና "አዲሷ ጠራዣችን ናት። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች" አለች።

ሌላውን አልሰማሁም። ስምንተኛ ክፍል የምትለዋ ብቻ ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። የምታነብ ጠራዥ ከተገኘች የማታነበዋ ምን ልትሠራ ነው? ወንበሬን በእጄ ጨበጥ አደረግኩት፤ የሚነሳብኝ ይመስል።

በዚያው ቀን ልለክፋት ጀመርኩ።

"አንቺ፣ ይኼን ሁሉ ጥቁረት ከየት አመጣሽው? ኑግ ወቅጠው ነው እንዴ የቀቡሽ?"

ክፍሉ ሳቀ። እሷ ቀና እንኳን አላለችም። "ከፀሐይ ነው እትዬ። እዚህ አገር ፀሐይ የለም መሰለኝ፤ እርስዎ ጨለማ ቤት እንደበቀለ ድንች ነጥተዋል።"

ኧረ ሳቅ! ሳቅ ብቻ ነው እንዴ፣ አንዷ ከወንበሯ ወደቀች። በገዛ ክፍሌ፣ በኔው ላይ! ድንቹ ደግሞ እውነት መሰላቸውና ሲያዩኝ እንደገና ሳቁ። ኑግ የምትለው ስም ግን ተለጠፈችባት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁሉም "ኑግ ነይ፣ ኑግ ሂጂ" ይላት ጀመር። አንድ ነገር እንኳን አሸነፍኩ አልኩ።

አንድ ድካም ነበረባት፤ ዓይኗ ቅርብ አያይም። የመርፌ ቀዳዳ ከሩቅ ታገኛለች፣ ከቅርብ ታጣዋለች። ክንዷን እስከመጨረሻው ዘርግታ ስታነጣጥር እያየሁ ዝም እላለሁ። በመጨረሻ ስታጣው ትመጣለች።

"እትዬ፣ ይቺን ክር ቢያስገቡልኝ።"

"ማን በይ?"

"እትዬ።"

"ጮክ በይ፣ አልሰማሁም።"

"እትዬዬ!"

አስገባላታለሁ። "ገለቶሚ" ትለኛለች፤ ባደገችበት አገር አመሰግናለሁ ማለት ነው። ምስጋናዋ እንኳን ያምራል፣ ቃሉን ሰው ሁሉ ለመደው። አጣፊዎቹ እርስ በርስ "ገለቶሚ" ይባባሉ ጀመር። የኔን የአንኮበር አነጋገር በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ሰው አልለመደልኝም።

እንዲህ እያልን ሳለ አለቃችን አዲስ አበባ ሥልጠና ሄዳ አዲስ ሕግ ይዛ መጣች። የሠራተኛ ጤንነት አለችው። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ሥራ ይቆማል፣ ሁላችንም እንነሳለን፣ አንገት እናዞራለን፣ ወገብ እናፍታታለን፣ ግቢው ውስጥ ያለውን ባሕር ዛፍ ዞረን እንመለሳለን። ከዚያ ክብ ሠርተን ተቀምጠን የከበደንን ነገር እንናገራለን። የከበደኝን ነገር ብናገር እዚያው ነው የምባረረው! አንገቴ ሲዞር እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል፤ ለመሳቂያ ይሁናችሁ ብዬ ሁለቴ ሦስቴ አዞርኩት። ተራዬ ሲደርስ "እኔ ደህና ነኝ፣ የከበደኝ ቂጤ ብቻ ነው" አልኩ። ሳቁልኝ።

ተራዋ ደረሰ። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ "ኑግ ስትሉኝ አብሬ እስቃለሁ" አለች። "ካምፕ ስገባ ግን ትንሿ ልጄ እማዬ ኑግ ምንድነው ትለኛለች። አንድ ቀን እዚህ መጥታ ስትጠሩኝ ሰምታለች። ዘር ነው፣ ዘይት ይወጣዋል አልኳት። አንቺን ለምን አሉሽ አለችኝ። ስም አለኝ እኮ።"

አፈርኩ። በልጆቼ እምላለሁ፣ አፈርኩ። ከዚያን ቀን በኋላ ያቺን ቃል ከአፌ አላወጣኋትም። ግን አለቃችን ተነስታ እጇን ይዛ አጠገቧ ስትቀመጥ ሳይ ሐፍረቴ ላይ ሌላ ነገር መጣበት። የኔን እጅ በአሥራ አንድ ዓመት ማን ያዘው? መርፌ ሲወጋው የኖረ እጅ ነው! ሰው ሲከፋው እያየሁ የምቀና እኔ ምን ዓይነት አሮጊት ነኝ?

በማግስቱ አለቃችን እስከዛሬ ያሳተምናቸውን መጻሕፍት መሬት ላይ ዘረጋቻቸው።

"እዩ እስቲ" አለች። "ሥዕሎቹ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ አንድ መልክ ናቸው። ወተት የበዛበት ሻይ። ልጆቹ በሙሉ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ከአንኮበር ቁልቁል ያሉት አርጎባዎች የታሉ? የቆላው ሰው የታለ? የካምፑ ልጅ መጽሐፋችንን ገልጦ ማንን ያያል?"

"እኔንስ ማን ያያል?" አልኩ። "እናንተ መጽሐፍ ላይ አሮጊት ሁሉ ጥርስ የላትም። ይኸው ጥርሴ፣ ቁጠሩት!"

አለቃችን እየሳቀች፣ "እውነትዎን ነው እማማ። የሚቀጥለው መጽሐፍ የአንዲት አያት ታሪክ ይሁን። ሠዓሊው መጥቶ ከዚሁ ከመሃላችን ሰው አይቶ ይሣል" አለች።

ልብ በሉ፤ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ታዲያ አያቲቱ ማን ልትሆን ነው? ቤቴ ገብቼ ለልጄ "ሽፋን ላይ ልወጣ ነው" አልኳት። ሹሩባ ተሠራሁ፣ ለበዓል ያስቀመጥኳትን ነጠላ አወጣሁ። ሠዓሊው መጣና ጥግ ላይ ተቀመጠ፣ ሦስት ቀን። እኔም ሦስት ቀን አንገቴን እንደ ግመል ቀጥ አድርጌ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ ሰጥቼ፣ ሳላስነጥስ ተቀመጥኩ። አንድ መጽሐፍ በቅጡ አልሰፋሁም። አራት ሰዓት ላይ አንገቴን ሳዞረው ቀጥ ብሎ ቀረ። ለጤንነት የተነሱት ሰዎች እኔን ሲያሹ ዋሉ።

በሦስተኛው ቀን ሠዓሊው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ሮጥኩ። በመነጽር ሳየው ጉም ነው። አወለቅኩት። እሷ ናት! ሽበቷ፣ ጥቁረቷ፣ ያ የተደረደረ ጥርሷ። የባሰው ደግሞ የተቀመጠችው እኔ ወንበር ላይ፣ እኔ መስኮት ሥር ነው።

ሲመለስ ያዝኩት። "ልጄ፣ ተሳስተሃል።"

"ምኑን ነው እማማ?"

"ሴትዮዋን።"

ሳቀ። "እማማ፣ እርስዎ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ደርቀው ነው የተቀመጡት። እሷ እኔን ረስታ ሥራዋን ትሠራለች።"

"ወንበሩስ? ወንበሩ የኔ ነው!"

"የወንበሩ ብርሃን ጥሩ ነዋ።"

ያን ቀን ክር አስገቡልኝ ልትል ስትመጣ "ሥዕሉ ላይ ያለችው ታስገባልሽ" አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

መጽሐፉ ታተመ። የታተመ ዕለት እሷ አልነበረችም፤ ካምፕ ምዝገባ አለ ብላ ሁለት ቀን ቀርታለች። እጥፎቹን ተቀብዬ ጀርባቸውን ገለበጥኩ። ጭረት የለም! ደጋግሜ አየሁ። የለም። ለካስ ሠዓሊው ሥዕሌ ከዳር እስከ ዳር ነው የሚሄደው፣ ጥቁር መስመር ያበላሸዋል ብሎ አስወጥቶታል። የገጽ ቁጥሩንም ጭምር። አራት እጥፍ እጄ ላይ ነው፣ መሰላል የለም።

ሰው መጠየቅ እችል ነበር። "የቱ ነው የሚቀድመው?" ብል ግን "አያነቡትም እንዴ?" ይመጣል። እሷን መጠበቅም እችል ነበር። እሷን? ሞቼ ነው! ያለ እሷም ይሠራ የለም እንዴ?

አንደኛው እጥፍ በትልልቅ ፊደል ይጀምራል፤ ርዕስ እንደሆነ አይጠፋኝም። የቀሩት ሦስቱ ናቸው። ሥዕሎቹን አየሁ። አንዱ ላይ ፀሐይ ትወጣለች፣ ሴትዮዋ ትስቃለች። አንዱ ላይ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ መንገድ ላይ ናት። አንዱ ላይ ጨለማ ነው፣ የኩራዝ ብርሃን አለ። ምን ይቸግራል? ጠዋት፣ ማታ፣ ሌሊት። ጤነኛ ሰው ቀኑን ከጠዋት ነው የሚጀምረው። እንደዚያ ደርድሬ በሁለት ቀን ሙሉውን ክምር ሰፋሁት። አለቃችን አልፋ አየችኝና "እማማ ደረሱልን! ሰኞ ሰላ ድንጋይ ትምህርት ቤት ይላካል" አለች። ኮራሁ።

ዓርብ ጠዋት እሷ መጣች። ነጠላዋን ሳታወልቅ አንዱን መጽሐፍ አነሳች፤ መልኳ ያለበት ነዋ። ከዓይኗ አርቃ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ማንበብ ጀመረች። ገለጠች። ወደ ኋላ መለሰች። እንደገና ገለጠች። ሌላ መጽሐፍ አነሳች። ከዚያ ወደኔ አየች።

ገባኝ። ምን እንዳጠፋሁ ባላውቅም እንዳጠፋሁ ገባኝ።

ወዲያው አራት ሰዓት ሆነ። ባሕር ዛፉን ዞርን፣ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። አለቃችን "የከበደው ሰው አለ?" አለች። ይኸው አለቀልኝ አልኩ። ሥራዬ አለቀ፣ ወንበሬ አለቀ፣ ቤት ተቀምጬ የልጄን ግድግዳ ላይ ላፈጥ ነው። ተራዋ ደረሰ።

"ዛሬ ምንም የለኝም" አለች።

ስንበተን መቀስ ይዛ ጎኔ ተቀመጠች። በሹክሹክታ፣ "እትዬ፣ ጠዋቱ ለምን ቀደመ?"

"ቀን ከጠዋት አይደል የሚጀምረው?"

"የሴትዮዋ ከማታ ነው የሚጀምረው። ቤቷን ትታ ስትሄድ መንገድ ላይ ይመሽባታል። ሌሊት የማታውቀው ሰው ኩራዝ ይዞ በሩን ይከፍትላታል። ጠዋት ነው የምትስቀው። እርስዎ እንደሰፉት ከሆነ ስቃ ስቃ በመጨረሻ ጨለማ ውስጥ ገብታ ትቀራለች።" መቀሱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "እኔ እኮ ከዚያ ነው የወጣሁት።"

አነጋገሯ ራሱ አስቀናኝ፤ እኔ ዕድሜ ልኬን ሳወራ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

"ፊደል አያውቁም አይደል?" አለችኝ።

"መነጽሬን ቤት ረስቼው..."

"ግንባርዎ ላይ ነው እትዬ።"

ዳሰስኩ። ግንባሬ ላይ ነው። ሳቋን ለመያዝ አፏን በነጠላዋ ስትሸፍን እኔም አመለጠኝ። ሳቅን ሳቅን፣ ከዚያ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ የሳቅ ነው አልኳት።

ያን ቀን በምሳ ሰዓት፣ ቅዳሜን ደግሞ ሙሉውን፣ ሁለታችን ብቻ ቀርተን ፈታን፤ እሷ ክሩን ትቆርጣለች፣ እጥፎቹን አንብባ ትደረድራለች፣ እኔ የሁለታችንንም መርፌ ክር አስገብቼ እሰፋለሁ። ማጣበቂያው ገና ስላልተቀባ ወረቀቱ አልተጎዳም። ሊመሽ ሲል ጨረስን። "ለማንም አልናገርም" አለችኝ ስትሄድ።

ይኼ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ብታጋልጠኝ እኮ እፎይ ብዬ እጠላት ነበር! ማንበቡ የሷ፣ መልኩ የሷ፣ ቀልዱ የሷ። አሁን ደግሞ ደግነቱንም ወሰደችው። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ "ምንም የለኝም" እያለች እኔን ልትሸፍን ነው? እኔ ደግሞ እያየኋት አንገቴን ላዞር? የት አባቷ! ምስጢሩ የኔ ነው፣ እኔው አወጣዋለሁ አልኩ።

ሰኞ መጽሐፉ ተጭኖ ሄደ። አራት ሰዓት ላይ ክብ ሠራን። ተራዬን እንኳን አልጠበቅኩም፣ ተነሳሁ።

"እኔ አላነብም" አልኩ።

አለቃችን "መነጽርዎን ረሱት?" አለች።

"መነጽሩም አያነብም። ፊደል አላውቅም። ያንን መጽሐፍ አዛንፌ ሰፍቼው ነበር፤ ፈትታ ያስተካከለችው እሷ ናት። በሉ እንግዲህ።"

እኔ ወንበሬን ነበር የማየው። ፀሐይ ወጥታ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሰው ሳይኖር እንኳን ያምራል።

አለቃችን ቀስ ብላ፣ "በአሥራ አንድ ዓመት አንድ መጽሐፍ አሳስተው አያውቁም እኮ" አለች። "እንዴት አድርገው?"

አንድ የድሮ መጽሐፍ ፈትተው እንዲያመጡ አደረግኩና እጥፎቹን በተንኳቸው። ዓይኔን ሳላነሳ፣ ጀርባቸውን ብቻ እያየሁ፣ ሰው አሥር ሳይቆጥር ደረደርኳቸው። መሰላሉ ቁልቁል ወረደ። አጣፊዎቹ አጨበጨቡ። አለቃችን ግን አላጨበጨበችም፤ ፊቷ ቀላ። "ጭረቱን ሲያስወጣ ፈርሜ የፈቀድኩት እኔ ነኝ" አለች። "የሚሰፋውን ሰው ሳልጠይቅ።" እዚያው ለሠዓሊው ደወለችለት፤ ከዚያ ወዲህ ጭረቷ ሥዕሉ ውስጥ የምትደበቅበት ቦታ ይፈልግላታል። አንዴ የዶሮ እግር አድርጓት አይቻለሁ። ወንበሬም አልተነሳብኝም። ከሷ ጋር ሳምንት ሳምንት እንቀያየርበታለን፤ ለወገባችን ሲባል።

ያን ቀን ስንበተን መነጽሬን አውልቄ ሰጠኋት። "እንኪ፣ ለኔ ጉም ብቻ ነው የሚያሳየኝ።" አደረገችው። መርፌዋን አነሳች፣ ክሩን አመጣች፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ገባላት።

"ገለቶሚ!" ብላ ጮኸች።

እኔ ደስ አለኝ? ለአንድ ደቂቃ ደስ አለኝ። ከዚያ ነገ ጠዋት "እትዬዬ" የሚለኝ ሰው እንደሌለ ገባኝ።

ይኼን የምትጽፈው እሷ ናት። አሁን አጠገቤ ተቀምጣለች። የሽፋኑ ሥዕል ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የካምፑ ልጆች ሲመጡ በጣታቸው ይነኩታል፣ ትንሿ ልጇ ደግሞ "እማዬ ናት" እያለች ለሁሉም ታስተዋውቃለች። እጆቹ ግን የኔ ናቸው እላለሁ፤ እዩት፣ የመርፌ አያያዙ የኔ ነው። የሚያምነኝ የለም። "ይኼንንም ልጻፈው?" አለችኝ። ጻፊው፣ እጆቹ የእትዬ ናቸው ብለሽ ጻፊው አልኳት። የጻፈችውን አላየሁም፣ ባየውም አላውቀው። አንገቷን ደፍታ፣ መነጽሬ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወርዶ ትጽፋለች፤ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር መስላለች። ፍሬሙን የመረጥኩት ለኔ ፊት ነበር። በሷ አምሮባታል።